የጉዳይ ጥናት፦ ጅማ ላይ የሪሞት አውሮፕላን ሜዳ ደንብ ከአንድ አደጋ በኋላ እንዴት ተቀየረ

ጉዳዩ ባጭሩ

ጅማ ውስጥ በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን የምንሰራና የምናበር ጥቂት ሰዎች አለን፣ ክለብ የምንለው እኛው ነን እንጂ ማህተምና ቢሮ ያለው ነገር አይደለም። አንድ እሁድ ጠዋት አንዱ አውሮፕላን ወደቀ። ሲወድቅ ማንንም አልነካም፣ ሰው የተጎዳው ከወደቀ በኋላ ነው፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አውሮፕላኑን ሊያነሳ ሲል ፕሮፔለሩ ሁለት ጣቱን ቆርጦት ተሰፋ። ጣቶቹ አሁን ደህና ናቸው፣ እርሳስም ይይዛል፣ ከብትም ያስራል። ይሄን የምጽፈው የዚህ ስራ ደንብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሰማይ ላይ ስላለው ነገር ብቻ ስለሆነ ነው፣ እኛ ጋ ግን ችግሩ በሙሉ መሬት ላይ ነበር። የማንንም ስም አልጠራም፣ የሜዳውንም ስም እተወዋለሁ።

ሜዳው እና ሰዎቹ

ስብስቡ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አለ (ሁሉም ቲቸር ነው የሚለው)፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን አለ፣ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ አለ። አውሮፕላኖቹ አብዛኞቹ ከፎም የተቆረጡ ናቸው፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ፎም ሳይቀር። ሞተር፣ ሰርቮ (ክንፍና ጭራ ላይ ያሉትን መሪዎች የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ ሪሲቨር (የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው)፣ ባትሪ ግን ከውጭ በሰው ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንድ ዕቃ ከተሰበረ ሌላ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ይሄን የማነሳው ለምን መሰላችሁ፣ ሰው ዕቃው ብርቅ ሲሆንበት አውሮፕላኑ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዕቃው ነው፣ አደጋው ውስጥም ይሄ ነገር አለበት።

ሜዳው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የግጦሽ ሳር ነው። በሰሜን በኩል ወደ ረግረግ ይወርዳል፣ በምስራቅ ባህር ዛፍ አለ፣ በደቡብ ዳር ደሞ ሰው ወደ ከተማ የሚገባበት የእግር መንገድ አለ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ቀኑን ሙሉ በሰውና በአህያ ይሞላል፣ ሐሙስ ማንም አብርሮ አያውቅም። ሌላ ቀንም ቢሆን ሜዳው ባዶ አይሆንም፣ ከብት አለ፣ ከብት ካለ ልጅ አለ። ክረምት ላይ መሬቱ ጭቃ ሳሩም ረጅም ስለሚሆን ዋናው የማብረሪያ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፣ እሱም ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ፣ ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነች። አዲስ አበባ ለሚኖር ይሄ ዝቅተኛ ይመስላል፣ ግን አየሩ ከባህር ጠረፍ በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ በሳሳ አየር ላይ ለመቆም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ሂሳቡ ወደ 8 እና 9 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ለጀማሪ፣ ቀስ ብሎ የሚያርፍ» የተባለው አውሮፕላን እዚህ ትንሽ ቸኩሎ ነው የሚያርፈው፣ ሜዳውም ረዘም ማለት አለበት። ከውጭ የተቀዳ የርቀት ቁጥር እዚህ እንዳለ ወስዶ መጠቀም የማያስኬደው በዚህም ጭምር ነው።

ከአደጋው በፊት ደንብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚያውቀው «ከሰው በላይ አታብርር» እና «ትልቅ አውሮፕላን ከመጣ ውረድ» የሚለውን ነው። ሁለተኛው ቀልድ አይደለም፣ ከተማው ዳር ኤርፖርት አለ፣ የአዲስ አበባው በረራ ይመጣል፣ ሜዳውም ሲመረጥ ከማረፊያው መስመር ራቅ እንዲል ተደርጎ ነው የተመረጠው። ለቀበሌውም ለፖሊስም አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፣ ምክንያቱም በዚህ ዘመን አየር ላይ የሚንጫጫ ነገር ያየ ሰው ሁሉ ድሮን ነው የሚለው። ካሜራ እንዳይጫን የተወሰነውም ያኔ ነው።

አደጋው እንዴት ተፈጠረ

አውሮፕላኑ ክንፉ ከላይ የሆነ የጀማሪ አይነት ነው፣ ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊትየም ፖሊመር) ባትሪ፣ 10 ኢንች ፕሮፔለር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ወድቆ የክንፉ ሰርቮዎች ተቀይረው ነበር። ባለቤቱ ከመነሳቱ በፊት የሪሞቱን እንጨት (በጣት የሚገፋውን መቆጣጠሪያ) ወደ ግራ ቀኝ አወዛወዘ፣ አይለሮኖቹ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያዘምሙት የክንፉ መሪዎች፣ ተንቀሳቀሱ፣ «ይሰራል» አለ። ይሰራል ግን ተገልብጦ ነበር፣ አዲሶቹ ሰርቮዎች የሚዞሩት በተቃራኒው ነው። መንቀሳቀሱን እንጂ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ ያየ ሰው የለም።

ተነሳ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ ዘመመ፣ ባለቤቱ ወደ ግራ ሲሰጠው የባሰ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ እሱም እንደማንኛውም ሰው በደመ ነፍስ ጨምሮ ወደ ግራ ሰጠው። ቀኝ ላይ ደሞ የእግር መንገዱ አለ። ማኮብኮቢያው በዛን ጊዜ ሳሩ አጭር የሆነበትን ተከትሎ ሜዳውን በሰያፍ ነበር የሚያቋርጠው፣ ተመልካቹም የፈለገበት ነው የሚቆመው፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። አውሮፕላኑ ጀርባዋ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴትዮ አጠገብ፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀርቶት፣ በአፍንጫው መሬት ገባ። ሴትዮዋ እንጨቷን ጥላ ቁጭ አለች፣ ሌላ ነገር አልሆነችም።

እዚህ ጋ ሁሉም «ተመስገን» አለ፣ ትክክለኛው አደጋ ግን ገና መምጣቱ ነበር። ልጆቹ ከሁሉም ቀድመው ሮጡ። ባለቤቱም ሪሞቱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሮጠ። ባትሪው አሁንም እንደተሰካ ነው። አንዱ ልጅ አውሮፕላኑን በአፍንጫው በኩል ያዘና አነሳው፣ በዚያው ቅጽበት እየሮጠ የነበረው ባለቤት ጃኬት የትሮትሉን፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚሰጠውን፣ እንጨት ገፋው። ፕሮፔለሩ አንዱ ክንፉ ተሰብሮ ነበር፣ የቀረው ግማሽ ግን በቂ ነው። አንድ ሰከንድ እንኳን የሞላ አይመስለኝም። ደሙ ነጩ ፎም ላይ ተረጨ፣ ልጁ አላለቀሰም፣ እጁን ብብቱ ስር ከቶ «ከብቶቹ» ነው ያለው።

ሂሳቡን በኋላ ቲቸር ሰራው። 10 ኢንች ፕሮፔለር በደቂቃ 8,000 ዙር ሲዞር ጫፉ በሰዓት ወደ 380 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደሞ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነዳጁ የሚለየው፣ የነዳጁ አንድ ነገር ሲመታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ትሮትሉ እስከተሰጠ ድረስ እንደገና ለመዞር ይታገላል። ትንሽ ነው፣ ፎም ነው፣ መጫወቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እዚያው ቀረ።

ልጁ በባጃጅ ክሊኒክ ተወሰደ፣ ተሰፋ፣ ቴታነስ ተወጋ፣ ከብቶቹን ጡረተኛው መካኒክ ሲጠብቅ ዋለ። የህክምናውን ወጪ ስብስቡ ከፈለ።

መጀመሪያ የተሞከረው

በረራ ቆመ። በዚህ መሀል አንዱ ተማሪ የውጭ ክለቦችን ደንብ ሰብስቦ አመጣ። አሜሪካ ውስጥ በ1936 የተቋቋመ የሞዴል አብራሪዎች ማህበር አለ፣ የእነሱ የደህንነት ደንብ በአስርት አመታት ውስጥ የዳበረ ነው። የእንግሊዝና የአውሮፓም አለ፣ 120 ሜትር ወይም 400 ጫማ የሚለው ጣሪያ እዚያም እዚያም ተመሳሳይ ነው፣ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ በአይን መታየት አለበት የሚለውም እንደዛው። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁሉም ተሰብስቦ ተተርጉሞ ላሚኔት ተደርጎ ባህር ዛፍ ላይ ሲሰቀል ሁለት ገጽ ሙሉ ሆነ፣ ያነበበውም የተረጎመው ልጅ ብቻ ይመስለኛል። ከሁሉም በላይ ደሞ በአማርኛ ነበር፣ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰውና ልጆቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። የደንቡ ግማሽ ስለነሱ ነው፣ እነሱ ደሞ አያነቡትም።

ገመድም ተሞከረ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ሜዳው ላይ ተዘረጋ፣ ከብቶቹ አለፉበት፣ በሶስተኛው ሳምንት ገመዱ ራሱ ጠፋ፣ በኋላ አንድ ጥጃ ታስሮበት ታየ፣ ማንም የጠየቀ የለም። ፊሽካም ነበር፣ ፓይለቱ ሊያነሳ ሲል ይነፋል ተባለ፣ ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ በአፋቸው አስመስለው መንፋት ስለጀመሩ የፊሽካው ትርጉም ጠፋ። ቅጣትም ተወሰነ፣ ደንብ የጣሰ 50 ብር፣ ውጤቱ ኩርፊያ ብቻ ሆነ፣ ብሩን የሚሰበስበው ሰው ጠላት ያፈራ ጀመር።

እዚህ ላይ የኔ አስተያየት፣ እነዚህ ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር ሰው ተጠንቀቅ እያሉ የሚለምኑ መሆናቸው ነው። ሰው ደሞ አይጠነቀቅም፣ በተለይ አውሮፕላን እያየ።

ሽማግሌው ያሉት

ለእርቅ ወደ ልጁ ቤት ሲኬድ የልጁ አያት ነበሩ የተቀበሉን፣ ቡና ተፈላ። ቲቸር «አባባ፣ ከዚህ በኋላ ልጆቹን ወደ ሜዳው እናስጠጋም፣ ቃል እንገባለን» አላቸው። እሳቸው በኦሮምኛ የመለሱት እንዲህ ነው፣ «ልጆቼ፣ ሜዳው የነሱ ነው፣ እናንተ ናችሁ እንግዳ። ልጅን አትምጣ ብትለው ይደበቅና ይመጣል። ስራ ስጡት፣ ያኔ የት እንዳለ ታውቃለህ።»

ይሄ ነገር ከሁለት ገጹ ደንብ በላይ ሰርቷል። አሁን ማብረር ያለበት ቀን ከልጆቹ ሁለት ሁለቱ በተራ የመስመሩ ጠባቂ ናቸው፣ ቢጫ ሰደርያ ይለብሳሉ፣ አንዱ መንገዱን ያያል፣ አንዱ ከብቱን። መንገድ ላይ ያለው ልጅ እጁን ካነሳ ማንም አይነሳም፣ ቲቸርም ቢሆን። ሻይና ዳቦ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ሁለት ሪሞት በገመድ ተገናኝቶ፣ ዋናው ፓይለቱ ጋ ሆኖ፣ ልጁ በተራው ትንሽ ያበራል። ያን ተራ ለማግኘት ሲሉ ሌሎቹን ልጆች ከመስመር ኋላ የሚያስቆሙት እነሱ ናቸው፣ የኛ ጩኸት የማይሰራውን የነሱ አንድ ቃል ይሰራዋል። ጣቱ የተሰፋው ልጅ ከሁሉም ጥብቅ ነው።

ልጅ ለጥበቃ ማቆም ተገቢ ነው ወይ ብሎ ከመሀላችን የተከራከረ ነበር፣ ክርክሩ ትክክል ነው። የተስማማንበት፣ ጠባቂው የሚቆመው ከፓይለቶቹ መስመር ኋላ ብቻ ነው፣ አውሮፕላን ሊነካ አይሄድም፣ ከትምህርት ቀርቶም አይመጣም።

አሁን የሚሰራበት ደንብ

የመጀመሪያው ለውጥ ማኮብኮቢያውን ማዞር ነበር። አሁን ከእግር መንገዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ መሀል ሜዳ ገብቷል። ፓይለቶቹ የሚቆሙት መንገዱን ጀርባቸው አድርገው ፊታቸውን ወደ ሰሜን ነው፣ በረራው በሙሉ ከፊታቸው፣ ረግረጉ በኩል። በማብረሪያችን ወቅት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ አይን ውስጥ አትገባም፣ ይሄ ደሞ በነፃ የተገኘ ነው። መስመሩ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ናቸው፣ ከብት አያነሳቸው፣ ጥጃ አይታሰርባቸው። ከድንጋዩ ኋላ አየር ላይ ምንም ነገር አያልፍም፣ ያለፈ ያርፋል፣ ክርክር የለም። አሁን የዛን ቀኑ አይነት የተገለበጠ አይለሮን ቢገጥም እንኳን አውሮፕላኑ ሰው ጋ ለመድረስ ረጅም መንገድ አለበት።

ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ባትሪ የሚሰካው መስመሩ ላይ ብቻ፣ ሌላ ሰው አውሮፕላኑን ከኋላ ይዞ፣ የትሮትል መቁረጫው ስዊች ተዘግቶ ነው። መጀመሪያ ሪሞት ይበራል ከዚያ ባትሪ፣ ሲጠፋ ግልባጩ፣ መጀመሪያ ባትሪ ከዚያ ሪሞት። አውሮፕላን ሲወድቅ ማንም አይሮጥም። ፓይለቱ ስዊቹን ይዘጋል፣ ሪሞቱን ሳያጠፋ አጠገቡ ላለው ሰው ይሰጣል፣ እሱ እጁን ከእንጨቶቹ ላይ አንስቶ ይቆማል፣ ከዚያ ባለቤቱ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ከኋላ በኩል ይጠጋል፣ ባትሪውን ይነቅላል። የተሰበረ ፎም ለመልቀም የሚቸኩል ሰው ካለ ሳሩ ላይ የትም እንደማይሄድበት ይነገረዋል።

ጠረጴዛ ላይ ሰርቮ ሲስተካከል፣ የሪሞት ሴቲንግ ሲሞላ፣ ፕሮፔለር ይፈታል። ይሄ ብዙ ሰው የሚሰላቸው ነው፣ አንድ ብሎን ነው እኮ፣ ፍታው።

ሶስተኛው የመቆጣጠሪያ ፍተሻ ነው፣ ባለቤቱ ለራሱ አይፈትሽም። ሌላ ሰው ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆሞ «ቀኝ» ይላል፣ እንጨቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ አይለሮን ወደ ላይ መነሳት አለበት። «ሳብ» ይላል፣ ኤሌቬተሩ (የጭራው መሪ) ይነሳል። ሪሞቱ ላይ ብዙ አውሮፕላን የሚመዘገብበት ስለሆነ ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ይሄው አውሮፕላን መሆኑም ይታያል፣ የሌላ አውሮፕላን ሴቲንግ ላይ ሆኖ መነሳት ተገልብጦ ከመነሳት አይተናነስም። ከዚያ ሪሞቱ በደካማ ሲግናል ሆኖ 30 እርምጃ ያህል ተርቆ ይሞከራል። ፌይልሴፍ የሚባለውም ይፈተሻል፣ አውሮፕላኑ ተይዞ ሪሞት ሲጠፋ ሞተሩ መቆም አለበት፣ ካልቆመ ያ ቀን ለዚያ አውሮፕላን አበቃ። ድሮ ሁለት ሰው አንድ ፍሪኩዌንሲ ከከፈተ የአንዱ ይወድቅ ነበር፣ አሁን ሁሉም እያንዳንዱ ሪሞት ከራሱ ሪሲቨር ጋር ብቻ የሚነጋገርበት 2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆነ ያ ችግር የለም፣ ግን ሲግናል መጥፋት አለ፣ አንድ አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ቆሞ ተንሳፍፎ ረግረግ ውስጥ ገብቷል። ደንቡ የሰራው እንደዛ ነው፣ ሞተሩ ባይቆም ኖሮ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ባትሪ ላይ ደንቡ ቤት ድረስ ይሄዳል። ሊፖ አንድ ሴሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዚያ ማለፍ የለበትም፣ ሳይበር ለሳምንት የሚቀመጥ ከሆነ 3.8 አካባቢ ላይ ይቀመጣል። ያበጠ ባትሪ ሜዳ አይመጣም። መብራት ጠፍቶ ሲውል ሌሊት ሲመጣ ቻርጅ ሰክቶ የመተኛት ልማድ አለ፣ ስልክ ላይ ምንም አይደለም፣ ሊፖ ላይ ግን ቤት ያቃጥላል። ጠጋኙ ያመጣው ዘዴ ባትሪውን የተሰነጠቀ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ከስሩ አሸዋ አድርጎ፣ ሰው እያየው ቻርጅ ማድረግ ነው፣ ከውጭ የሚመጣው እሳት የማይበላው ከረጢት ሳይገዛ ሁሉም በዚህ እየሰራ ነው።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ከፍታ ከ120 ሜትር በታች። የአውሮፕላን ድምጽ ከተሰማ ሁሉም ይወርዳል፣ ታየ አልታየ። ቀብር በመንገዱ ሲያልፍ ሁሉም አርፎ ሞተር ይዘጋል፣ አርብ በጁምዓ ሰዓት አይበርም። ጭላት አውሮፕላኑን ተከትላ ከመጣች ከፍ እያሉ መራቅ ነው፣ ይሄ እንኳን ከደንብ ይልቅ ልምድ ነው።

ያልተፈቱ ነገሮች

በዓል ላይ አሁንም ችግር አለ። መስቀል፣ ገና ወይም ኢድ ሲሆን ሜዳው ላይ ሰው ይበዛል፣ ሁለት ልጅ አይበቃም። የተባለው ተመልካቹ ጠባቂው ከሚያየው ከበዛ አይበርም ነው፣ ግን ሰው ከከተማ ሊያይ መጥቶ አይበርም ማለት ከባድ ነው፣ አንድ ጊዜ ደንቡ ተጥሶ ተበርሯል፣ ምንም ባይፈጠርም።

የካሜራው ክልከላ አንድ ጥሩ አብራሪ አሳጥቶናል። ከአውሮፕላኑ አይን እያየ ማብረር ነበር የሚፈልገው፣ እኛ እምቢ አልን፣ ተቀይሞ ወጣ። ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ፣ እሱ ግን አሁንም አያምንም።

ሌላ ከተማ ለሚጀምር

ከዚህ ተነስቶ ሀዋሳም ይሁን ባህር ዳር ሜዳ የሚፈልግ ሰው ካለ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ጠዋት ሳያበር ሜዳው ላይ ይቀመጥ፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ከብት የት ውሃ እንደሚጠጣ ይይ። ማኮብኮቢያው ሳሩ አጭር የሆነበት ሳይሆን ሰው ከኋላ የሚቀርበት ነው መሆን ያለበት። ሳር ይታጨዳል፣ የሰው መንገድ ግን አይታጠፍም። ደንቡን ከመጻፉ በፊት ሜዳው የማን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ወረቀት ላይ ያለውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን በየቀኑ እዚያ የሚውለውን። የተጻፈውም በሚናገሩት ቋንቋ ይሁን፣ ባጭሩ ይሁን፣ የኛው አሁን አንድ ወረቀት ላይ በሁለት ቋንቋ ያልቃል።

አሁን ክርክር ላይ ያለው ጉዳይ አንዱ አባል ከአዲስ አበባ ያመጣው በነዳጅ የሚሰራ ትልቅ አውሮፕላን ነው። ክብደቱም ፍጥነቱም ከፎሞቹ ጋር አይገናኝም፣ ከመስመሩ የሚፈልገው ርቀት ደሞ ሜዳው የለውም፣ በሰሜን ረግረጉ ይገታዋል። ባለቤቱ ብዙ ብር አውጥቶበታል፣ ማኮብኮቢያው ወደ መንገዱ ትንሽ ይጠጋ ሲል ሀሳብ አቅርቦ ነበር፣ ሌሎቹ አባላት አልተቀበሉትም። ሞተሩን ማስነሳት ከፈለገ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ታስሮ፣ ልጆች በሌሉበት፣ ሁለት ሰው ባለበት ይችላል ተብሏል፣ ለማብረር ግን ሌላ ሜዳ እስኪገኝ አይቻልም።